የሮዛሊን ያሎው የማስተማር ደመወዝ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የነበሩት ሮዛሊን ያሎው የፊዚክስ ትምህርት የሚቀጥሉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ በጸሐፊነት ለማደር አጭር ጽሕፈት ይማሩ ነበር። ዳሩ ግን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት ተቀበላቸው። የተሰጣቸውም ገንዘብ ችሮታ ሳይሆን የማስተማር ደመወዝ ነበር። ቀድሞ አስተምረው ስለማያውቁ (ይህን እኛ መምህራን ልናልፈው አይገባም) በሙያው ከተመሰገነ ወጣት መምህር ክፍል ገብተው አሠራሩን ይመለከቱ ነበር።

በ1945 ዶክተር ሆኑ። ከ1950 ጀምሮም በብሮንክስ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከሐኪሙ ከሰሎሞን በርሰን ጋር ሠሩ። በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት የተደረገበትን ኢንሱሊን በደም ውስጥ ሲከታተሉ፥ እጅግ ጥቂት የሆነን ሆርሞን የሚለኩበት ዘዴ ተገለጠላቸው። በርሰን በ1972 ስለ ሞቱ፥ በ1977 ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች አንዷ የሆኑት ያሎው ብቻ ናቸው። ሁለቱም በዘዴው ላይ የባለቤትነት መብት አልጠየቁበትም፤ ላቦራቶሪ ሁሉ ሠራበት።