ዲስኩ ስሙን ሲቀይር

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ተነሳ። ሽምብጥ አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነን። ባለቤቱ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ ሊነክስ እንድጭንላቸው ጠርተውኝ፣ መጫኛውን ፍላሽ ላይ እየጻፍኩ እያለ ነው መብራቱ የሄደው። ትዕዛዙን ወረቀት ላይ አስፍሬው ስለነበር እንዳለ መልሼ ጻፍኩትና ኢንተር ተጫንኩ። ከመብራቱ በፊት «ኤስዲቢ» የሚባለው ፍላሹ ነበር። ከመብራቱ በኋላ «ኤስዲቢ» የተባለው የጋሼ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ነው፤ የስንት ዓመት ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ያለበት። የገባኝ ከ4 ጊጋባይት በላይ ከተጻፈበት በኋላ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ግን አንድ ዲስክ በአንድ ከሰዓት ውስጥ እንዴት ስም ይቀይራል? ፖሊ ግቢ ስማር ይህን ጥያቄ አንስቼው አላውቅም። መልሱን ስፈልግ የ50 ዓመት ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዩኒክስ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ቤል ላብስ ውስጥ ሲሠሩት ያመጡት ትልቅ ሐሳብ፣ ዕቃውም እንደ ፋይል ይታይ የሚል ነበር። ዲስክ፣ ቴፕ፣ ተርሚናል ሁሉ «ዴቭ» በሚባል ማውጫ ውስጥ ስም ይሰጠዋል፤ ፋይል የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም እነሱንም ያነባል፣ ይጽፍባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ አብራርተዋል። ከስሙ ጀርባ ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ አንዱ የትኛው ድራይቨር እንደሚያስተናግደው፣ ሌላው ከድራይቨሩ ዕቃዎች ስንተኛው እንደሆነ ይናገራል። ከርነሉ የሚያውቀው ቁጥሩን ነው። ስሙ ለእኛ ነው።

ውበቱም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ፋይል ከሆነ ሞደሙም ዲስኩም በአንድ በር ይገባሉ ማለት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊነክስን ያስተዋወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር። በዚያ መልእክቱ ላይ፣ እሱ ራሱ ካለው የዲስክ ዓይነት ሌላ መቼም ላይደግፍ እንደሚችል ጽፏል፤ ያለው እሱ ብቻ ነበራ! ጓደኛው ላርስ ቪርዜንየስ እንደተረከው ደግሞ፣ ሊኑስ አንድ ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊደውል ፈልጎ በሞደሙ ፈንታ የዲስኩን ስም ሰጠ። የስልክ ቁጥሩ ዲስኩ መነሻ ላይ ተጻፈና ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ክፍል አበላሸው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተራው ዲስክ ስሙን የሚያገኘው ከተሰካበት ቦታ ነበር። «ኤችዲኤ» ማለት የመጀመሪያው ገመድ ላይ ዋናው፣ «ኤችዲቢ» እዚያው ገመድ ላይ ሁለተኛው፣ «ኤችዲሲ» የሁለተኛው ገመድ ዋና። ሁለተኛውን ብትነቅሉት ሦስተኛው ስሙን አይቀይርም፤ እንደ ቤት ቁጥር ነው። ስካዚ የሚባሉት ዲስኮች ግን «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» የሚባሉት በተገኙበት ቅደም ተከተል ነበር። ይሄ እንደ ባጃጅ ሰልፍ ነው፦ ሁለተኛ የቆመው ሁለተኛ ይባላል፤ ነገ ቀድሞ ከመጣ አንደኛ ነው። ፍላሽና ሳታ መጥተው ሁሉንም ወደዚህ ሰልፍ አስገቧቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አካባቢ የድሮዎቹ ዲስኮችም በብዙ ስርጭቶች ላይ «ኤስዲ» ተባሉ። የጋሼ ዲስክና የእኔ ፍላሽ ሰልፉ ላይ ቦታ ተቀያየሩ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

መፍትሔ ፍለጋው ቀላል አልነበረም። ሪቻርድ ጉች «ዴቭኤፍኤስ» የተባለውን ሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ ስሞቹን ራሱ ከርነሉ የሚፈጥርበት ነው። ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ ስም መስጠት የከርነል ሥራ አይደለም አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በ2003 ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን «ዩዴቭ»ን አመጣ፦ ከርነሉ «አዲስ ዕቃ መጥቷል፣ መለያው ይህ ነው» ይላል፤ ስሙን ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም በደንብ ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዲስክ ከሰልፍ ስሙ ሌላ፣ በፋብሪካ ቁጥሩም በ«ዩዩአይዲ»ውም ሊጠራ ይችላል። ይህ 128 ቢት ቁጥር ፋይል ሲስተሙ ሲሠራ እዚያው ዲስኩ ላይ የሚጻፍ ነው። የትም ብትሰኩት አብሮት ይሄዳል።

ይህን ሳነብ ክብራን ትዝ አለኝ። ከከተማችን ዳርቻ ሆናችሁ የምታዩት ደሴት ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 የጣና ገዳማትን ብራናዎች ፎቶ አንስቶ በኋላ ካታሎግ ሲያዘጋጅ ለአንዱ መጽሐፍ ሁለት መጠሪያ ሰጠው። የክብራኑ አራቱ ወንጌል በሐይቁ ጠቅላላ ቆጠራ «ጣና ሐይቅ 1» ነው፣ በደሴቱ ደግሞ «ክብራን 1»። ቁጥሮቹ ለአጥኚው ይጠቅማሉ፤ ብራናው ግን አያውቃቸውም። ብራናው የሚያውቀው ገጹ ላይ የተጻፈውን ነው፦ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ብዙ ጊዜም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል። መጽሐፉ ቢሰደድ፣ ቢሰረቅ፣ ባሕር ቢሻገር ያ ጽሑፍ አብሮት ነው። የእኛ «ዩዩአይዲ» ግዝት የለውም እንጂ ሥራው ያው ነው። እኔም የፋቂዎቹ ወገን ነኝ።

የጋሼን ዲስክ በ«ፎቶሬክ» አነሳሁት። ፕሮግራሙ የፋይል ዝርዝር አይፈልግም፤ የፎቶ አጀማመር የሚመስለውን እያሰሰ ያወጣል። አብዛኛው ፎቶ ተመለሰ። ያልተመለሰው ስሙ ነው፤ የሙሽሮቹ ስም ያለበት የፎልደር ዝርዝር ከተጻፈበት ክፍል ጋር ሄዷል። እያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ሆኖ ነው የመጣው።

አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት ፎቶ ቤቱ እሄዳለሁ። ጋሼ አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ እኔ ፎቶ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ። «ይቺ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ጥር ላይ ነው፣ ኬኩ ዘግይቶ ሙሽራው የተናደደ ዕለት።» ካሜራው የጻፈውን ቀን አይቼ «ይሄ እኮ ሐምሌ ነው የሚለው ጋሼ» ስላቸው፣ «የካሜራው ሰዓት ልክ ሆኖ ያውቃል እንዴ? ጥር ነው ብዬሃለሁ፣ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። እስካሁን 2009 ዓ.ም. ላይ ደርሰናል።