ወተት ሲተርፍ

ስለ እናት ጡት በአማርኛ የሚባለውን ሁሉ አንድ ላይ ብንሰበስበው አብዛኛው ስለ ማነስ ሆኖ እናገኘዋለን። «ወተቷ ደረቀ»፣ «ወተት አልወርድ አላት» ይባላል። የአራስ ቤት ማጀትም የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ አጥሚቱም፣ አብሹም፣ ገንፎውም አራሷ እንድትጠግንና ወተት እንዲወርድላት የሚሰናዳ ነው። ሲበዛስ? ለዚህ ጥያቄ ማጀታችን መልስ አላዘጋጀም። ማር ሲበዛ ይመራል ያሉት አበው ስለ ወተት ዝም ብለዋል።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት በሁለተኛ ልጄ ነው። ጡቴ አጋቶ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ልጁ አፉን ሲገጥም ወተቱ እየተንፎለፎለ ትን ያሰኘዋል፤ ይስላል፣ ያለቅሳል፣ ጡቱን ይጥላል። ሌሊቱን ቀሚስ ስቀይር አድራለሁ። ችግሬን ለጠያቂ ሳዋይ መልሱ አንድ ነበር፤ «እሰይ! ስንቷ አጥታ ታለቅሳለች!» በረከት ነው በተባለ ነገር ማማረር ነውር ስለሆነ ዝም አልሁ፤ ዝም ብዬም ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት ግሪኮች የወተትን መብዛት ሰማይ ላይ ጽፈውታል። ሕፃኑ ሄራክሊስ ከተኛችው ሄራ ጡት ላይ ተደርጎ ሲጠባ ነቅታ ብትገፈትረው፣ የፈሰሰው ወተት የከዋክብት ጎዳና ሆነ ይላሉ። እኛም ያንኑ የከዋክብት ጭፍራ «ፍኖተ ሐሊብ»፣ ማለትም የወተት መንገድ እንለዋለን። የቬኒሱ ሠዓሊ ቲንቶሬቶ በ1575 ገደማ የሣለው ይኸው ታሪክ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር ተሰቅሎ ይታያል። የፈሰሰው ወተት ለሰማዩ ጌጥ ሆነ፤ የሄራን ጡት ሕመም ግን የጠየቀ የለም።

ምድር ላይ ደግሞ የወተት ታሪክ የገበያና የሕግ ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፆች የሕክምና መጽሐፍ፣ ኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው፣ የአጥቢ ሴት ወተት የሚመለስበትን መድኃኒት ይነግረናል። ከዚያም የሚቀድመው የባቢሎኑ ሐሙራቢ ሕግ በቅጥር ስለምታጠባ ሴት አንቀጽ አለው፤ ሕፃኑ በእጇ ሞቶ ወላጆቹ ሳያውቁ ሌላ ብታጠባ ጡቷ ይቆረጥ ይላል። የፓሪስ ፖሊስ ሹም የነበረው ሌኗር በ1780 ሲጽፍ፣ በዓመት ከሚወለዱት 21,000 ሕፃናት በእናታቸው ጡት የሚያድጉት ከ1,000 እንደማይበልጡ ገልጿል። አብዛኞቹ የሚላኩት ወደ ገጠር፣ ወደ ድሀ አጥቢዎች ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብሁ። በቋንቋችን «ትርፍ» ማለት የተረፈም ነው፣ የተነገደበትም ነው። እነዚያ ሴቶች የሸጡት ወተት በእርግጥ ተርፏቸው ነበርን? ብዙዎቹ የገዛ ልጃቸውን ያለጊዜው ከጡት አስጥለው ነው የባዕዱን ያጠቡት። ስለዚህ ትርፍ የተባለው ብዙ ጊዜ የሌላ ሕፃን ድርሻ ነበር።

ጡቷ ሞልቶ የሚጠባላት ያጣች እናት ደግሞ ሌላ መከራ ነበረባት። «የሴቶች መብት» በተባለው የ1792 ድርሰቷ የታወቀችው እንግሊዛዊት ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1797 ሴት ልጅ በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአራስ በሽታ ታመመች። ሐኪሙ ሕፃኗ ጡት እንዳትጠባ ከለከለ፤ ያጋተውን ወተት እንዲጠቡላት የመጡት የውሻ ቡችሎች ናቸው። ይህን የጻፈው ባሏ ዊልያም ጎድዊን ነው። እናቲቱ ሞተች፤ ሕፃኗ አድጋ «ፍራንከንስታይን»ን የደረሰችው ሜሪ ሼሊ ሆነች። ቡችላውን የሚተካ መሣሪያም ቀስ በቀስ መጣ። አሜሪካዊው ኦርዌል ኒድሃም በ1854 ለጡት ማለቢያ መሣሪያ የፈጠራ መብት አወጣ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ የታወቀው የቼዝ ተጫዋችና መሐንዲስ ኤድዋርድ ላስከር ሌላ ሠራ።

በእርግጥ የተረፈው ወተት ያለ ግፍ ለሌላ ልጅ የሚደርስበት መንገድ የተከፈተው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የመጀመሪያው የእናት ወተት ባንክ በ1909 በቪየና ተቋቋመ። በ1934 በካናዳ አምስት መንታ ሴቶች ልጆች ያለጊዜያቸው ሲወለዱ፣ የማያውቋቸው እናቶች ወተት ከቶሮንቶና ከቺካጎ በባቡር ተጭኖ ደረሰላቸው። አምስቱም አደጉ።

በእኛም አገር ጡት ከወተት በላይ ዋጋ ነበረው። አዋቂ ሰው እንኳ ኃያሉን ሰው መጠጊያ ሲፈልግ ጡቱን ወይም ማር የተቀባ ጣቱን ጠብቶ «የጡት ልጅ» ይሆን ነበር፤ ኃያሉም «የጡት አባት» ይባላል። ወተት በሌለበት እንኳ ጡት ቃል ኪዳን ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ለእኔ ጥያቄ፣ «ለምን ይበዛል?» ለሚለው፣ መልሱ ከፍየሎች መጣ። በ1980ዎቹ በስኮትላንድ ያሉ ተመራማሪዎች የፍየልን አንዱን ጡት ብቻ ደጋግመው ሲያልቡ፣ ወተቱ የጨመረው በዚያው በታለበው ጡት ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ጡት የራሱን ሒሳብ ያውቃል፤ በተራቆተ ቁጥር ይተካል፣ ሞልቶ በቆየ ቁጥር ይቀንሳል። አራስ እናት «ይቅለልሽ» ተብላ ቀኑን ሙሉ ብታልብ፣ ጡቷ መንታ የወለደች መስሎት የበለጠ ያመርታል።

በ2007 የታተመ ጽሑፍ በዚሁ ላይ ቆሞ አንድ ዘዴ አቀረበ። መጀመሪያ ሁለቱም ጡቶች አንዴ በደንብ ይራቆታሉ፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ለተወሰኑ ሰዓታት በፈለገ ቁጥር አንዱን ጡት ብቻ ይጠባል፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው ይዛወራል። ይህ ግን ወተቷ በእርግጥ ለበዛባት እናት እንጂ ለሁሉም አይደለም፤ የልጁን ክብደት የሚከታተል ባለሙያም ያስፈልጋል። ጡት ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ነገሩ የሐኪም ነው።

ከሦስት ሺህ ዓመት ተኩል በላይ ስለ ወተት የተጻፈውን ሳነብ ያስገረመኝ፣ ሁሉም የጠየቀው ወተቱ ለማን እንደሚሆን መሆኑ ነው። ለንጉሥ ልጅ፣ ለባለጸጋ ልጅ፣ ለሙት ልጅ። የሞላው ጡት ያለባት ሴት ምን ተሰማት ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። እንግዲህ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ «ወተት ወረደልሽ ወይ?» ከማለት ጋር «አልበዛብሽም ወይ?» የሚለውን ብትጨምሩ፣ አንዲት እናት ነውር ሳይመስላት እውነቱን ትነግራችኋለች።