ከጥንት ባሕር እስከ ጮሮራ ጥርሶች፦ የጨርጨር ምድር ታሪክ

የጨርጨር ተራሮች ከምዕራብ ሐረርጌ ደጋ ተነሥተው ወደ አዋሽ ቆላ በድንገት ይወርዳሉ። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ በዚሁ ዳገትና ቁልቁለት መካከል ተቀምጣለች። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ የታወቀችው በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ በነበሩት በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጊዜ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በደጋው ገለምሶ፣ በዴሳና መቻራ፣ በቆላው ደግሞ አሰቦትና ሚኤሶ ይገኛሉ። ከደጋው ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ብዙ ዘመናትን ያቋርጣል። ተራራው የጥንት ባሕርና የእሳተ ገሞራ ቅሪት፣ ግርጌው የጥንት ሐይቅ ደለል፣ ሜዳው ደግሞ የጥንት ሰው መሣሪያ መገኛ ነው።

ከአካባቢው ድንጋዮች ከቀደሙት መካከል በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ይገኝበታል። ያኔ ባሕር ከምሥራቅ ተነሥቶ የዛሬውን የሐረርጌን፣ የባሌንና የኦጋዴንን ምድር ሸፍኖ ነበር። በወለሉ የተከማቸው የዛጎልና የጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ጠጥሮ ወፍራም የድንጋይ ንብርብር ሆነ። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ አሸዋ ድንጋይ ተነጠፈበት፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮም የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው የባዛልት ጎርፍ ፈሰሰ። ውኃ የኖራውን ድንጋይ እያሟሟ በመቻራ አካባቢ ረጃጅም ዋሻዎችን ፈልፍሏል። ከእነዚህ መካከል አቸሬና ሩኪየሳ በምርምር ይታወቃሉ። ከጣሪያቸው በሚንጠባጠበው ውኃ ከሥር እያደጉ የሚነሡት የኖራ ዓምዶች በየጊዜው ንብርብር ስለሚጨምሩ ያለፈውን ዝናብ ታሪክ ይዘው ይቆያሉ። በዚህም የተነሣ አስፋወሰን አስራትን ጨምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የቀድሞውን አየር ንብረት አጥንተውባቸዋል።

የምድሪቱን መልክ የቀየረው ግን ስምጥ ሸለቆው ነው። ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜኑ ስምጥ ሸለቆ መከፈት ሲጀምር የጨርጨር ደጋ ከፍ ብሎ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ቆላ ወደ ታች ሰመጠ። በአዲሱ ረባዳ ውኃ ተጠራቅሞ ሐይቆች ሆኑ፤ እሳተ ገሞራዎቹም አመዳቸውን ደጋግመው አፈሰሱባቸው። የሐይቅ ጭቃ፣ የአልጌ ዛጎል ክምችት የሆነው ነጭ ዳያቶማይትና የእሳተ ገሞራ አመድ እየተነባበሩ የጮሮራ ፎርሜሽን የሚባለውን ድንጋይ ሠሩ። ስሙን ያገኘው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ከሚገኘው የጮሮራ አካባቢ ነው። መሬቱ በስንጥቅ እየተሰባበረና በወንዝ እየተሸረሸረ ሲሄድ ያ የተቀበረ ደለል ዳግም ገጽ ላይ ወጣ። ቅሪተ አካል ፈላጊዎች የሚመላለሱትም በዚህ በተገለጠ ደለል ላይ ነው።

የጮሮራ ደለል በሳይንስ ጽሑፍ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። በ1975 ተመራማሪዎቹ ዚከንበርግና ሾንፌልድ የድንጋዩን ንብርብርና በውስጡ የተገኙትን እንስሳት አስተዋወቁ። ቀጥሎ ፈረንሳውያን ጂኦሎጂስቶች በ1979 የአካባቢውን ድንጋዮች ዕድሜ ለኩ። በ2002 ዴኒስ ዤራድ፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረባቸው ኤርቬ ቤሎን ከቦታው የተገኙትን አጥቢ እንስሳት በዝርዝር አጠኑ። በደለሉ ውስጥ ሂፓሪዮን የሚባል ባለ ሦስት ጣት ፈረስ፣ የዝሆንና የአውራሪስ ዘመዶች፣ ጦጣዎችና አይጦች ተገኝተዋል። በአፍሪካ ታሪካቸው ብዙም የማይታወቅ የአይጥ ወገኖች ጥርስ እዚህ መገኘቱ ለተመራማሪዎች ትልቅ ዋጋ ነበረው። በ2017 ደግሞ ከዚሁ ደለል የተገኘ የጉማሬ ዘመድ ቾሮራቴሪየም ሮቢ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጠው።

ጮሮራን በዓለም ያሳወቀው ግኝት የተደረገው በ2006 እና በ2007 ነው። ብርሃኔ አስፋውና ዮናስ በየነ ከጃፓናዊው ጌን ሱዋና ከባልደረቦቹ ጋር በመሩት ጥናት፣ በቲቻ በሚባለው ስፍራ በመጀመሪያ አንድ ክራንቻ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ መንጋጋ ጥርሶች ተገኙ። በድምሩ ዘጠኝ ጥርሶች ሲሆኑ ቢያንስ የሦስት እንስሳት ናቸው። ቡድኑ በነሐሴ 2007 በኔቸር መጽሔት ላይ አዲስ የትልቅ ጅራት አልባ ጦጣ ዝርያ መሆኑን አስታውቆ ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ ብሎ ሰየመው። ጥርሶቹ በመጠን የዛሬውን ጎሪላ ጥርስ ያህላሉ፤ ገጻቸውም ቅጠልና ጭረት የበዛበትን ምግብ ለመቆራረጥ የሚያመች ሹል ጠርዝ አለው። ተመራማሪዎቹ እንስሳው የጎሪላ የዘር ሐረግ ቀደምት አባል ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ሐሳቡ ያለ ክርክር አላለፈም። ተመሳሳይ ምግብ የሚበሉ፣ ግን የቅርብ ዝምድና የሌላቸው እንስሳት ተመሳሳይ ጥርስ ሊያበቅሉ ስለሚችሉ፣ ዘጠኝ ጥርስ ብቻ ዝምድናን ለመወሰን አይበቃም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የግኝቱ ጥቅም ግን ከዚህ ክርክር በላይ ነው። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ከ7 እስከ 9 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የትልልቅ ጅራት አልባ ጦጣዎች ቅሪተ አካላት እጅግ ጥቂት ናቸው። ይህ ደግሞ የጎሪላ፣ የቺምፓንዚና የሰው የዘር ሐረጎች የተለያዩበት ነው ተብሎ የሚገመተው ዘመን ነው።

የዕድሜውም ግምት በጊዜ ሂደት ተሻሽሏል። በ2007 ጥርሶቹ ከ10 እስከ 10.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው ተገምቶ ነበር። በ2016 ሺገሂሮ ካቶና ባልደረቦቹ በኔቸር ባወጡት ጥናት የአመድ ንብርብሮቹን በአርጎን ዘዴ ለክተው፣ ድንጋዩ በተፈጠረበት ጊዜ የያዘውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ አነጻጽረው፣ የበቲቻ ጥርሶች ዕድሜ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ደረሱበት። በአዋሽ ተፋሰስ ከዚህ በኋላ የሚመጡት አርዲፒቴከስ ካዳባ (5.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ)፣ አርዲ (4.4 ሚሊዮን) እና ሉሲ (3.2 ሚሊዮን) ናቸው። ጮሮራ የዚህን ተከታታይ ታሪክ መነሻ ወደ ኋላ ያርቀዋል።

ከጮሮራ ጥርሶች እጅግ ኋላ፣ በዚያው ቆላ በሚኤሶ አካባቢ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ ትተዋል። ኢግናሲዮ ዴ ላ ቶሬ የመሩት ቡድን በ2014 ባሳተማቸው ጥናቶች እንደሚታየው፣ እዚያ የተገኙት በሁለት ገጽ የተጠረቡ የእጅ መጥረቢያዎች የአሹሊያን የአሠራር ስልት ናቸው። ከእነሱ ጋር የተያያዘው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ 212 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ይህ ለአሹሊያን ስልት በጣም ዘግይቶ የመጣ ዘመን ነው። ስልቱ በኮንሶ ከ1.75 ሚሊዮን ዓመት በፊት የታወቀ ሲሆን፣ በዝዋይ አጠገብ በምትገኘው ጋደሞታ ደግሞ ከ276 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች አዲስ ዓይነት መሣሪያ መሥራት ጀምረው ነበር። ስለዚህ አሮጌውና አዲሱ ስልት በስምጥ ሸለቆው በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው።

ከዚህ ሜዳ በስተምዕራብ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ፓርኩ በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ። በውስጡ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ፣ የአዋሽ ፏፏቴና የፍልውኃ ምንጮች ይገኛሉ። ፈንታሌ ለመጨረሻ ጊዜ ቅልጥ ድንጋይ ያፈሰሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ስለሆነ የስምጥ ሸለቆው ሥራ አሁንም እንዳልቆመ ያሳያል። ነገር ግን የፓርኩ ድንበር የተሰመረው በዋናነት ሳላንና ሌሎች የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ ነው። በደጋው ለደጋ አጋዘን የተከለለው የኩኒ ሙክታር መጠለያም እንዲሁ ነው። የጮሮራ ደለልና የሚኤሶ መሣሪያዎች ግን ከፓርክ ውጭ፣ አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ በሚኖሩበት መሬት ላይ ናቸው።

በእነዚህ ስፍራዎች ጥበቃ የሚሰጠው የቅርስ ሕግ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ ያወጣችው ፓርኩ በተቋቋመበት በ1966 ነበር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/2000 ቅርስን ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል፤ ያለፈቃድ መቆፈርንና ከአገር ማስወጣትንም ይከለክላል። ከጮሮራ የተገኙት ቅሪተ አካላት በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃሉ። ለሳይንስ ግን የተገኙበት ንብርብር ከአጥንቱ ጋር እኩል ያስፈልጋል፤ የበቲቻ ጥርሶች ዕድሜ በአዲስ መልክ የተቆጠረው በዙሪያቸው የነበረው አመድ ስላልተነካ ነው። ከቦታው የተነሣ ጥርስ በሙዚየም ይቀመጣል፤ የተናደና የተቆፈረ ንብርብር ግን ዳግም አይተካም።