ከልጡ ሥር ያለው መድኃኒት

እሳት ያልነካው ዛፍ የተለበለበ መስሎ ይቆማል። ለጋው ቀንበጥ ይጠቁርና ጫፉ እንደ ከዘራ እጀታ ይቆለመማል፤ ከልጡ ማር መሳይ ጠብታ ይንጠባጠባል። ይህ የፖምና የፒር በሽታ፣ ፋየር ብላይት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1780 ግድም በኒውዮርክ የሃድሰን ሸለቆ ታየ። ለመቶ ዓመት ያህል ጥፋተኛው ሲፈለግ ኖሮ፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ በሪል ባክቴሪያ መሆኑን አመለከተ። ባክቴሪያ ዕፅዋትን ያሳምማል ማለት ያኔ ድፍረት ነበር።

ሕክምናው ብዙ ዞረ። መዳብ ተረጨ፤ በ1950ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ መጣ፤ በ1971 ግን መድኃኒቱን የናቀ ባክቴሪያ በካሊፎርኒያ የፒር እርሻዎች ተገኘ። በ2014 ደግሞ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ፖምና ፒር አምራቾች አንቲባዮቲክ እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ።

የሚገርመው ዛፉ ራሱ ባዶ እጁን አለመሆኑ ነው። በፒር ቅጠል ውስጥ አርቡቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ስለሚቀመጥ በዚያ መልኩ ብዙም ጉዳት የለውም። ቅጠሉ ሲጨፈለቅ ተለይቶ የነበረው ኢንዛይም ይደርስበትና ስኳሩን ይቆርጥለታል፤ ያኔ ሃይድሮኩዊኖን ይወጣል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች የፒር ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉን ያገኘው ከዚህ መሆኑን አሳዩ። በፖም ዛፍ ውስጥ ያለው ፍሎሪድዚን የሚባል ንጥረ ነገር ዕጣው ለየት ያለ ነው፦ በ1835 ከዛፉ ልጥ ወጥቶ ለትኩሳት ተሞከረ፣ ኋላም የዛሬዎቹን የስኳር በሽታ ክኒኖች መንገድ ጠረገ። ለዛፍ ተፈጥሮ ሰው አከመ!

አሁን ለፋየር ብላይት ብዙ የሚሞከሩት መዓዛማ ዘይቶች ናቸው። እኛ ከሻይ ጋር የምናፈላው ጦስኝ ሽታውን የሚያገኘው ከታይሞልና ከካርቫክሮል ነው፤ ሁለቱም የባክቴሪያውን ሽፋን በስተው ውስጡን ያፈስሱታል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ውጤቱ ያስደስታል። እኔ ግን በሳህን ድል ቶሎ አልደሰትም። በሽታው በብዛት የሚገባው በአበባው በኩል ነው፤ ንቧም ከአበባ አበባ ታደርሰዋለች። ዘይቱ ጠንከር ሲል ያንኑ አበባ ያቃጥላል፤ ሲቀጥን ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ስትል ተንኖ ይጠፋል፣ ንቧ ገና ሥራዋን ሳትጨርስ።