የሞንድሪያን ቀሚስ
ኢቭ ሳን ሎራን (1936–2008 እ.ኤ.አ.)
ፓሪስ፣ የ1965 የበልግና የክረምት ስብስብ
የሱፍ ጀርሲ

ከሩቅ ሲያዩት ቀለም የታተመበት ጨርቅ ይመስላል። ጠጋ ብለው ስፌቱን ይመልከቱ፤ ነጩም ቀዩም ሰማያዊውም ቢጫውም ለየብቻ የተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ጥቋቁሮቹ መስመሮችም እንዲሁ። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒት ሞንድሪያን አራት ማዕዘኖቹን የሣለው በተወጠረ ሸራ ላይ ነው፤ የሰው ገላ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ስለዚህ ልብሱ ደረትና ወገብ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርገው ስፌት በመስመሮቹ ውስጥ ተደብቋል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ቀለሙን ነው፤ የእጅ ሙያው ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ሳን ሎራን የተወለደው በአልጄሪያዋ ኦራን ከተማ ነው። ለቀሚሱ መነሻ የሆነውን ስለ ሞንድሪያን የተጻፈ መጽሐፍ የሰጡት እናቱ ነበሩ። ሠዓሊው በ1944 ኒው ዮርክ ውስጥ ስላረፈ ቀሚሱን አላየውም። (የለበሰችው ሴት ስትቀመጥ ቀጥ ያሉ መስመሮቹ ጉልበቷ ላይ መታጠፋቸውን ቢያይ ደስ ይለው ነበር ብሎ መገመት ያስቸግራል።)

በሴፕቴምበር 1965 የፈረንሳዩ ቮግ መጽሔት ዴቪድ ቤይሊ ያነሣውን የቀሚሱን ፎቶግራፍ በሽፋኑ ይዞ ወጣ። የቀሚሱ ርካሽ ቅጂዎችም ብዙ ሳይቆዩ ገበያ ገቡ። ሳን ሎራን ከሁለት ዓመት በኋላ ለእይታ በበቃው የሉዊስ ቡኙዌል ፊልም «ቤል ደ ዡር» የተዋናይት ካትሪን ደነቭን ልብሶች ሠራ። ከእነዚያ ውስጥ በይበልጥ የሚታወሰው ነጭ ኮሌታ ያለው ጥቁር ቀሚስ ነው።