የሃሺሞቶ በሽታና የታይሮይድ ካንሰር

የሃሺሞቶ በሽታ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት የራሱን የታይሮይድ ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1912 እ.ኤ.አ. በአራት ሴቶች ዕጢ ላይ ያየውን ለውጥ ጽፎ ካሳተመው ጃፓናዊ ሐኪም ከሃካሩ ሃሺሞቶ ነው።

በሽታው ከካንሰር ጋር ያለው ዝምድና ይበልጥ የተረጋገጠው በታይሮይድ ሊምፎማ ረገድ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ለዓመታት በዕጢው ውስጥ ሲከማቹና ሲባዙ ጥቂቶቹ ወደ ካንሰርነት ሊለወጡ ይችላሉ። ሆኖም ሊምፎማው ብርቅ ነው፤ ከታይሮይድ ካንሰሮች ሁሉ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ብዙውን ጊዜ የሚታየውም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሴቶች ላይ ነው።

ፓፒላሪ የተባለው የታይሮይድ ካንሰርም ከሃሺሞቶ በሽታ ጋር አብሮ ይገኛል፤ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ ግን አከራካሪ ነው። በቀዶ ሕክምና በወጡ ዕጢዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዝምድናውን አጉልተው ሲያሳዩ፣ በመርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ የተመሠረቱት ያን ያህል አላገኙትም።

የቆየ እንቅርት በሳምንታት ውስጥ ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ በአልትራሳውንድና በናሙና ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። ሊምፎማ ከተገኘ ዋናው ሕክምና ከቀዶ ሕክምና ይልቅ ኬሞቴራፒና ጨረር ነው።