«ዳግም ክህሎት» ይቅር፣ «ሙያ ቅየራ» ይባል

ሰሞኑን በየሥልጠና ዕቅዱ፣ በየፕሮጀክት ሰነዱና በየመክፈቻ ንግግሩ «ዳግም ክህሎት» የሚል ሐረግ እየተዛመተ ነው። ይህ ያልተዋጠለት ደግሞ «ሪስኪሊንግ» ብሎ እንዳለ ያወርደዋል። «ሥራ ፈላጊዎችን በዳግም ክህሎት ተጠቃሚ ማድረግ» የሚል ማስታወቂያ ኮሌጅ በር ላይ ተለጥፎ ቢያይ፣ ለገበያ ዳንግላ የገባ ገበሬ ምን ይረዳል? አንብቦ ያልፋል። ማስታወቂያው የተለጠፈው ግን ለእሱ ነበር።

ነገሩማ ቀላል ነው። የለመዱት ሥራ ሲጠፋ ወይም አላዋጣ ሲል፣ በቅርብ ካለ ኮሌጅ ጥቂት ወራት ሠልጥኖ በሌላ ሥራ እንጀራ መብላት ነው። አሜሪካኖች ኢኮኖሚያቸው በተናጋበት ወቅት ብዙ ተስፋ የጣሉበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የመኪና ፋብሪካ አገር በሆነው ሚሺጋን፣ ማኮም ኮሙኒቲ ኮሌጅ ተገኝተው ለእንዲህ ዓይነት ኮሌጆች የ12 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ አቀረቡ፤ በቀጣዩ ዓመት በሕግ የጸደቀው ግን 2 ቢሊዮን ብቻ ሆነ። (እግረ መንገዴን፦ «ኮሙኒቲ ኮሌጅ»ን «የማኅበረሰብ ኮሌጅ» የሚሉ በዝተዋል። የማኅበረሰብ ያልሆነ ኮሌጅ የማን ሊሆን ነው? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚል ስም እያለን ምን አስቸኮለን?)

በአማራ ክልል አዊ ዞን ውስጥ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ለዓመታት ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ሲተክል ኖሯል። ችግኙ በመጀመሪያው ክረምት ከጤፍ ጋር ይበቅላል፤ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል። ቆራጩ፣ አክሳዩ፣ ጫኙና ደላላው በዚሁ ዛፍ ይተዳደር ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አደረቀ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱንና ገበያውን አወከው። እንግዲህ ሌላ ሙያ የሚያስፈልገው ሰው ይኼ ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንግባ። «ክህሎት» የመጣው ከግእዙ «ክህለ» ነው፤ ቻለ ማለት ነው። «ከሃሊ» የሚለውን ቅጽል የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉን ለሚችል አምላክ የተሰጠ ነው። በአማርኛው «ችሎታ» የሚል አቻ እያለው «ክህሎት» ከመጽሐፍ ወደ ቢሮ ወርዶ፣ በ2014 የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም የመሥሪያ ቤት ስም እስከመሆን ደረሰ። በዚህ አልጣላም፤ ቃሉ ለምዷል። ጠቤ ከ«ዳግም» ጋር ነው።

«ደገመ» ያንኑ ነገር መልሶ ሠራ ማለት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ያንኑ መዝሙር ይመልሳል። ተማሪ ክፍል ደገመ ሲባል ወድቆ ያንኑ ትምህርት ይማራል። ስለዚህ «ዳግም ሥልጠና» ወይም «ዳግም ክህሎት» ሲባል የአማርኛ ጆሮ የሚሰማው «የመጀመሪያውን ወድቀሃልና እንደገና ተቀመጥ» የሚል ነው። ከሰል አክሳዩ ምን ወደቀና? በአፈር የተከደነው ምድጃ ነጭ ጢስ ሲያወጣ እንጨቱ ገና ውኃ እንዳለው፣ ጢሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከሰሉ እንደደረሰ፣ የት ቀዳዳ መድፈን የት መክፈት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሙያ ነው። የጎደለው ገበያ ነው።

«የሙያ ሽግግር» የሚሉም አሉ። ከ«ዳግም ክህሎት» ይሻላል፤ ነገር ግን ኮሌጆቻችን «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚል ሌላ ሥራ አላቸውና ሁለቱ ሪፖርት ላይ ይምታታሉ። ደግሞም የሚሸጋገር ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ እዚህ ግን ሙያው ለማንም አልተላለፈም። «ክህሎት ማስጨበጥ» የሚለውን፣ ማስጨበጥ የማይቀረውን የስብሰባ አማርኛ፣ ባልፈው ይሻላል።

እኔ የምመርጠው «ሙያ ቅየራ» ነው። «ሙያውን ቀየረ» ማንም ሳያስተምረን የምንለው ነው፤ ሾፌር የነበረው ነጋዴ ሲሆን፣ አስተማሪ የነበረው ወደ ግንባታ ሲገባ። «ቅየራ» ደግሞ ከቤት የወጣ ስም ነው። «ሙያ»ም ቢሆን ከማዕድ ቤት እስከ አናጢ ቤት የከበረ ቃል ነው፤ «ባለሙያ» መባል ሙገሳ ነው። «አፕስኪሊንግ» ለሚሉትም እዚያው ሥር «ሙያ ማሳደግ» ይበቃል፤ የእንጨት ሠራተኛው ማሽን ሲማር ሙያውን አሳደገ፣ ከሰል አክሳዩ ቀርከሃ ሥራ ሲገባ ሙያውን ቀየረ።

«ቅየራ ማለት የድሮውን መጣል አይመስልም ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ቁም ነገር አለው። የባንጃ ወረዳን ቀርከሃ የሚያውቅ ሰው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ግንድ ቢቆረጥ ለነቀዝ እንደሚዳረግ ያውቃል። ከሰል አክሳዩም ስለ እንጨት ርጥበት ያለውን ዕውቀት ይዞት ይገባል። የሥልጠና ሥርዓታችንም ይህን አይክድም፤ በሥራ ላይ የተማረ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ለብቃት ምዘና መቀመጥ ይችላል። ልብስ የቀየረ ሰው ግን ሰውነቱን አልጣለም፤ ሙያ የቀየረም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዊ ውስጥ የብዙ ሠልጣኝ የአፍ መፍቻ አውኛ ነው። ግልጽ የአማርኛ ቃል ወደ አውኛ ሲሻገር ትርጉሙን ይዞ ይሻገራል፤ «ዳግም ክህሎት»ን ግን አስተርጓሚው መጀመሪያ ወደ አማርኛ ሊተረጉመው ነው። አማርኛን የምንጠብቀው ግእዝ በመደርደር አይደለም፤ እስከዚህ ሠልጣኝ ድረስ ዘልቆ የሚያገለግል ቃል በመምረጥ ነው።

የእንጅባራና የዳንግላ ኮሌጆች መዝጋቢዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን የአጫጭር ሥልጠና ማስታወቂያ ስታወጡ «ሙያ መቀየር ለሚፈልጉ» ብላችሁ ጻፉት።